«የአቢሲኒያው ልዑል» እና ቫዮሊኑ



ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የለንደን ሙዚቀኞች አንድ የሙያ ባልደረባቸውን «የአቢሲኒያው ልዑል» እያሉ ይጠሩት ነበር። ሰውየው ቫዮሊኒስት ነው። አቢሲኒያን አላያትም፤ ልዑልም አልነበረም። ስሙ ጆርጅ ብሪጅታወር ይባላል። ዛሬ ማታ ስለ እሱ ላወራችሁ የመጣሁት በአገራችን ስም ስለተጠራ ብቻ አይደለም። በቫዮሊን እንጀራውን የበላ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ከእሱ ታሪክ ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ሙዚቃ የምትከታተሉ ሰዎች ታሪኩን ባጭሩ ሰምታችሁት ይሆናል። ቤትሆቨን ትልቁን የቫዮሊን ሶናታውን ለአንድ ጥቁር ቫዮሊኒስት ጻፈለት፤ በኋላ በአንዲት ሴት ምክንያት ተጣሉ፤ ቤትሆቨንም የሰውየውን ስም ትቶ የሌላ ሰው ስም አስገባበት። የሚነገረው ይኸው ነው። ይህ አነጋገር ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የደከመበትን ሙያ ሶናታው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደተሰማበት አንድ ማለዳና ወደ አንድ ጠብ ያሳንሰዋል። ብሪጅታወር ከዚያ ማለዳ በፊት አሥራ አራት ዓመት መድረክ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላም ሃምሳ ሰባት ዓመት ገደማ ኖሯል። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ ሥራው ነው። ወደ ማለዳዋም እንደርሳለን፤ እሷንም አልዘላትም፤ ግን በቦታዋ ትምጣ።

የተወለደው በኦክቶበር 1778 ፖላንድ ውስጥ፣ ቢያላ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በራድዚቪል መሳፍንት ቤት ያገለግል የነበረ ጥቁር ሰው ነው። ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ምናልባትም ከባርቤዶስ እንደመጣ ይገመታል፤ የቤተሰቡ ስምም የባርቤዶስን ዋና ከተማ ብሪጅታውንን ያስታውሳል። እናቱ ጀርመናዊት ናት። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ወደ ኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ተዛወረ። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ የዚያ ቤት የሙዚቃ አለቃ ዮሴፍ ሃይደን ነበርና። ብሪጅታወር በኋላ «የሃይደን ተማሪ» ተብሎ ሲተዋወቅ ኖረ። ሃይደን ቁጭ አድርጎ አስተምሮታል ብዬ አልምልላችሁም። ሆኖም ኦርኬስትራ በየቀኑ በሚለማመድበት ግቢ ያደገ ልጅ፣ ሌላው ልጅ ተረት በሚሰማበት ዕድሜ ሙዚቃ ይሰማል። የቤተ ክህነት ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ዜማ ከማጥናቱ በፊት ዜማ ጆሮው ውስጥ እንደሚያድረው ማለት ነው።

በኤፕሪል 1789 አሥር ዓመቱን ጨርሶ በአሥራ አንደኛው ላይ ሳለ ፓሪስ ውስጥ «ኮንሰርት ስፒሪቱዌል» በተባለው ዝነኛ መድረክ ላይ ወጣ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ የባስቲል እስር ቤት ተሰበረ፤ ፈረንሳይ በአብዮት ታመሰች። አባት ልጁን ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በዚያው ዓመት ልጁ ዊንዘር ላይ በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊና በንግሥት ሻርሎት ፊት ተጫወተ። ባዝ በተባለችው የመዝናኛ ከተማ ያቀረበውን ኮንሰርት ከ550 በላይ ሰው ታደመው። በፌብሩዋሪ 1790 ደግሞ ለንደን በሚገኘው ድሩሪ ሌን ቴአትር፣ የሃንደል «መሲህ» በሚቀርብበት ምሽት፣ በክፍሎቹ መካከል ብቻውን ወጥቶ ኮንቸርቶ ተጫወተ። ያ ልጅ ያን ሁሉ አዳራሽ ሲሞላ ገንዘቡን የሚቆጥረው ማን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አባትየው ብዙ ቋንቋ የሚናገር፣ ሰው የሚማርክ፣ የቱርክ ልብስ ለብሶ ከተማ ለከተማ የሚንጎራደድ ሰው ነበር። ራሱን የአፍሪካ ልዑል ነኝ እያለ ያስተዋውቃል። «የአቢሲኒያ» የሚለው ቅጥያ ከየት እንደመጣ የራሴ ግምት አለኝ። ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ»ን ያሳተመው በ1759 ነው፤ የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ ነው፤ እኛም በሲራክ ኅሩይ ትርጉም በአማርኛ አንብበነዋል። ጎንደርን በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ያየው ጄምስ ብሩስ ደግሞ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ያወጣው በ1790 ነው፤ ልጁ ድሩሪ ሌን ላይ በተጫወተበት በዚያው ዓመት። ለንደን ውስጥ «አፍሪካ» እና «ልዑል» የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ከተነሱ ሰው አእምሮ ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀው ስም የእኛ ነበር። እውነተኞቹ የጎንደር ልዑላን በዚያ ዘመን ወህኒ አምባ ላይ ተዘግቶባቸው ነበር የሚኖሩት። ስማቸው ግን ባሕር ተሻግሮ፣ አይተውት በማያውቁት ልጅ ትከሻ ላይ ተጥሎ፣ የመግቢያ ቲኬት ይሸጥ ነበር።

ጁን 2 ቀን 1790 ሃኖቨር ስኩዌር አዳራሽ ውስጥ የተካሄደውን ኮንሰርት ግን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በዌልስ ልዑል ደጋፊነት የተዘጋጀ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ልጆች ቀረቡ። አንደኛው ብሪጅታወር ነው። ሁለተኛው ፍራንዝ ክሌመንት የተባለ፣ ከቪየና የመጣ፣ ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ቫዮሊኒስት ነው። የዚያን ቀን ታዳሚ የሚሆነውን ቢነግሩት አያምንም ነበር። ቤትሆቨን ታላቁን የቫዮሊን ሶናታውን ለአንደኛው ልጅ ሊጽፍለት ነው፤ ብቸኛውን የቫዮሊን ኮንቸርቶውን ደግሞ ለሁለተኛው። ክሌመንትን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አባትየው ገንዘቡን በቁማርና በሴት ጨረሰው። በ1791 የዌልስ ልዑል፣ ኋላ ጆርጅ ራብዓይ ተብሎ የነገሠው፣ አባቱን ከአገር እንዲወጣ አድርጎ ልጁን በራሱ ሞግዚትነት ሥር አደረገው። አስተማሪም ቀጠረለት፤ ባርተሌሞንና ጃርኖቪክ ቫዮሊን፣ ቶማስ አትዉድ የሙዚቃ ድርሰት አስተማሩት። ሃይደን በ1791 ለንደን መጥቶ ኮንሰርቶቹን ሲያቀርብ ብሪጅታወርም ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። ከዚያም በዌልስ ልዑል የግል ኦርኬስትራ ውስጥ አንደኛ ቫዮሊን ሆኖ ብራይተን ላይ ለአሥራ አራት ዓመታት አገለገለ።

አሥራ አራት ዓመት! የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ የቫዮሊኒስት ሙያ ማለት በአብዛኛው ይኸው ነውና። ጠዋት ተነሥቶ ክር መቃኘት። አንዱን ገጽ መቶ ጊዜ መመላለስ። ማታ ሰው እራት እየበላ፣ እያወራ፣ ካርታ እየተጫወተ ሳለ መጫወት። ክረምት ሲመጣ የአንጀት ክሩ እርጥበት ጠጥቶ ቃናው ሲዛባ መልሶ መቃኘት። ከዚህ ሌላ በዓመት አንዴ የራስን ኮንሰርት ማዘጋጀት ነበር። ሙዚቀኛው አዳራሹን ራሱ ይከራያል፤ ለኦርኬስትራው ራሱ ይከፍላል፤ ቲኬቱን አብዛኛውን ጊዜ ከገዛ ቤቱ ይሸጣል። የተረፈው ትርፉ ነው፤ ካልተረፈም ዕዳው ነው። ብሪጅታወር በ1789 እና በ1799 መካከል በለንደን ታላላቅ ቴአትሮች ሃምሳ በሚሆኑ ኮንሰርቶች ላይ እንደተጫወተ ይታወቃል። በሕፃንነታቸው ተአምር ከተባሉ ልጆች አብዛኞቹ ጢም ሲያበቅሉ ይረሳሉ። ይህ ልጅ አድጎ ሠራተኛ ሆነ። በእኔ ዓይን የመጀመሪያው ታላቅ ድሉ ይኸኛው ነው።

በ1802 ለጌታው ማመልከቻ አቀረበ፤ ድሬስደን ያሉትን እናቱንና ቼሎ ተጫዋች ወንድሙን ለማየት ፈቃድ ይሰጠኝ አለ። ተፈቀደለት። በዚያ ዘመን ቫዮሊኒስት ያለ ጌታው ፈቃድ አገር አይለቅም። ይህን ሳነብ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ትዝ ይሉኛል። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው፤ ወደ ሙዚቃ የገቡት ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ በቫዮሊን ነበር፤ ካይሮ ላይም ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተምረዋል። ለንደን ሄደው ለመማር የተከፈተላቸው በር ግን ፈቃድ ታጥቶ ተዘጋ። ጣት ሳይሰንፍ፣ ቃና ሳይጎድል፣ በአንድ «አይሆንም» የቆመ መንገድ ስንት እንዳለ ማን ይቆጥረዋል? ብሪጅታወር «ይሁን» ተባለ። ድሬስደን ላይ ሁለት ኮንሰርት አቀረበ፤ ዝናው ቀድሞት ቪየና ገባ፤ በ1803 የጸደይ ወራት ልዑል ሊክኖቭስኪ ከቤትሆቨን ጋር አስተዋወቀው።

ብሪጅታወር ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ቤትሆቨን ሠላሳ ሁለት። ወዲያው ተግባቡ። ቤትሆቨን በሜይ 18 ቀን ለአንድ ባሮን በጻፈው ደብዳቤ ብሪጅታወርን መሣሪያውን በሚገባ የጨበጠ ብቁ ተጫዋች ሲል አመስግኖ፣ በር እንዲከፍትለት ለመነው። በአውጋርተን መናፈሻ አንድ ላይ ኮንሰርት ሊያቀርቡ ተቀጠረ። ችግሩ ሶናታው አላለቀም ነበር። የመጨረሻው ክፍል አስቀድሞ ለሌላ ሶናታ ተጽፎ የተነሣ በመሆኑ ዝግጁ ነው። የፊተኛው ክፍል የፒያኖ ድርሻ ግን እዚህም እዚያም ጫር ጫር ከመደረግ አላለፈም። ኮንሰርቱ በሁለት ቀን ተራዘመ። ሜይ 24 ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤትሆቨን ተማሪውን ፈርዲናንድ ሪስን አስጠርቶ የፊተኛውን ክፍል የቫዮሊን ድርሻ ቶሎ ገልብጥ አለው። ኮንሰርቱ የሚጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። የመካከለኛውን ክፍል የሚገለብጥ ጊዜ አልነበረም፤ ብሪጅታወር ከቤትሆቨን የእጅ ጽሑፍ ላይ በቀጥታ አነበበው። የቤትሆቨንን የእጅ ጽሑፍ በፎቶግራፍም ቢሆን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የተሰረዘው ከቀረው ይበዛል፤ ኖታው በንዴት የተወረወረ ጠጠር ይመስላል።

ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር። ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያገኘዋል። የማሲንቆ ደጋን ጭራው ዕጣን ካልተቀባ አይዝም፤ ሸርተት ብሎ ያልፋል እንጂ ድምፅ አያወጣም። የቫዮሊኑም ጭራ እንዲሁ ሙጫ ይቀባል። እስከዚህ ዘመዳሞች ናቸው። ማሲንቆ ግን ክሩ አንድ ሲሆን የቫዮሊን አራት ነው፤ አራቱንም ከሆዱ ከፍ አድርጋ የያዘቻቸው እንጨት አናቷ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ደጋኑ ባንድ ጊዜ ተደላድሎ የሚያርፈው ሁለት ክር ላይ ብቻ ነው። አራት ድምፅ ባንድነት ለማሰማት የታችኞቹን ሁለት ነክቶ፣ ሳያቋርጥ፣ ወደ ላይኞቹ ሁለት መገልበጥ ይጠይቃል። እንግዲህ ይህ ሶናታ የሚጀምረው በዚያ ነው። ፒያኖው ዝም ብሏል። ቫዮሊኑ ብቻውን፣ በዝግታ፣ በተደራረበ ድምፅ ይገባል። መደበቂያ የለውም። አዳራሹ ጸጥ ባለበት የመጀመሪያው የደጋን ምት ቢንሸራተት የሚሸፍንልህ ማንም የለም። ቤትሆቨን ከዚያ በፊት በጻፋቸው ስምንት የቫዮሊን ሶናታዎች ውስጥ ቫዮሊንን እንዲህ ብቻውን በር ላይ አላቆመም። ይህን የጻፈው ማን በሩ ላይ እንደሚቆም ስላወቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዝግታው በኋላ ፈጣኑ ክፍል ይመጣል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች እንደ ሁለት ፈረሰኛ የሚሽቀዳደሙበት። በአሥራ ስምንተኛው ምት መስመር ላይ ለፒያኖው ብቻ የተሰጠች፣ እንደ ወፍ ከፍ ብላ የምትበር አንዲት ሩጫ አለች። ክፍሉ ከመጀመሪያው ሲደገም ብሪጅታወር ያልተጻፈለትን አደረገ፤ ያችኑ ሩጫ በቫዮሊኑ መልሶ ለፒያኖው አቀረበለት። ራሱ ከዓመታት በኋላ በኖታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ እንደመሰከረው፣ ቤትሆቨን ከመቀመጫው ዘሎ ተነሥቶ አቀፈውና እንዲደግምለት ለመነው፤ በተደገመም ጊዜ የፒያኖውን ፔዳል ረግጦ ይዞ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀለት። የእኛ አገር ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። አዝማሪ ግጥም ሲሰጡት መልሶ የሚሰጠው እንዲሁ ነው፤ የተቀበለውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ሰጪውም ደስታውን መደበቅ አይችልም። አንድ ቫዮሊኒስት በሕይወቱ እንዲህ ያለች ቅጽበት አንዲት ካገኘ ብዙ ነው።

የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ካርል ቼርኒ ብሪጅታወር ሲጫወት ሰውነቱን እጅግ ያወዛውዝ ስለነበር ሰው ሳይስቅ ሊያየው አይችልም ነበር ሲል አስታውሷል። ይሆናል። እኔ ግን ይህን ሳነብ የሚታየኝ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ነው። 550 ሰው እያፈጠጠበት፣ አባቱ ከበስተጀርባ ገንዘብ እየጠበቀ፣ በጣቱም በትከሻውም በዓይኑም አዳራሽ መሙላት የተማረ ልጅ። እንዲህ ያደገ ሰው ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ትከሻውን ዝም አሰኝ ቢሉት ከየት ያመጣዋል?

በዚያ ሰሞን በተዘጋጀ የእጅ ጽሑፍ ላይ ቤትሆቨን በጣልያንኛ የቀልድ መታሰቢያ ጽፎለታል። «ትልቅ እብድ» ይለዋል፤ «ክልስ» የሚለውንም ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል። በወዳጅነት መንፈስ የተጻፈ ነው፤ ያን አልክድም። ሆኖም የሰውየው ቀለም ከስሙ ቀድሞ ተጽፏል። ለንደን ልዑል አድርጋ ሰቀለችው፤ ቪየና ክልስ ብላ ሳቀችለት፤ ጆርጅ ብሪጅታወር ብሎ በስሙ ብቻ የጠራው ጥቂት ነው።

ከዚያ ጠቡ መጣ። ብሪጅታወር በስተርጅና ለአንድ እንግሊዛዊ ቫዮሊኒስት እንደነገረው የጠቡ ምክንያት አንዲት ልጅ ነበረች። ሶናታው በ1805 በሲምሮክ አሳታሚነት ሲወጣ መታሰቢያነቱ ለፓሪሱ ቫዮሊኒስት ለሮዶልፍ ክሮይትዘር ሆነ። ዓለም እስከ ዛሬ «ክሮይትዘር ሶናታ» ይለዋል። ቶልስቶይም በዚሁ ስም ልብ ወለድ ጽፎበታል።

የሴቲቱ ታሪክ ሐሰት ነው አልልም፤ ባለቤቱ የተናገረው ነው። ብቻዋን ግን አታበቃኝም። ቤትሆቨን በዚያ ወቅት ቪየናን ለቆ ፓሪስ ለመግባት ያስብ ነበር። ገና ጠቡ ትኩስ ሳለ ሶናታውን ለክሮይትዘርና ለፓሪሱ ፒያኒስት ለአዳም ለሁለቱም ሊያበረክት አስቦ እንደነበር በደብዳቤ ይታወቃል። ፓሪስ የሚሄድ የሙዚቃ ደራሲ የፓሪስን ሰው ስም የፊት ገጽ ላይ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። አሁን ያዙልኝ ያልኋችሁን ፍራንዝ ክሌመንትን መልሱልኝ። ቤትሆቨን የቫዮሊን ኮንቸርቶውን ለክሌመንት ጻፈ፤ ክሌመንትም በዲሴምበር 23 ቀን 1806 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተው። እሱም እንደ ብሪጅታወር ኖታው የደረሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። የእጅ ጽሑፉ ላይ ቤትሆቨን በክሌመንት ስም የቃላት ጨዋታ ያለበት የቀልድ መታሰቢያ ጽፎለታል። ሥራው ሲታተምስ? መታሰቢያነቱ ለቤትሆቨን የልጅነት ጓደኛ ለሽቴፋን ፎን ብሮይኒንግ ሆነ። ክሌመንት ከቤትሆቨን ጋር በሴት ተጣላ የሚል የለም። ክልስም አልነበረም።

በ1790 አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ልጆች፣ ሁለቱም በእጅ ጽሑፍ ላይ ተቀልዶላቸው ከታተመው ላይ ጠፉ። ይህ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። የተጫዋች ሥራ አየር ላይ የሚጻፍ ነው። በዚያ ዘመን መቅረጫ የለም። ደጋኑ ከክሩ ሲነሣ ድምፁ ሞተ፤ የሚቀረው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን የሚወስኑት ደግሞ ደራሲው፣ አሳታሚውና ደጋፊው ናቸው። ቫዮሊኒስቱ ሰጥቶ የጨረሰ ነው። ብሪጅታወርን ቀለሙ አልጎዳውም ማለቴ አይደለም፤ ስሙ እንዲህ በቀላሉ እንዲረሳ ቀለሙ ረድቷል። የጠፋው ግን በሙያው ሕግ ጭምር ነው፤ ያ ሕግ ነጩን ክሌመንትንም አልማረውም። ክሌመንት በ1842 በድህነት ሞተ።

ክሮይትዘርስ? ቫዮሊን የሚማር ሁሉ የእሱን አርባ ሁለት መልመጃዎች ሲያጠና ያድጋል፤ ታላቅ አስተማሪ ነበር። በስሙ የሚጠራውን ሶናታ ግን በአደባባይ አልተጫወተውም። ቤርሊዮዝ እንደጻፈው ፈጽሞ የማይገባ ሥራ ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ ያልወደደው ሰው ስም ላዩ ላይ ሁለት መቶ ዓመት ኖረ፤ የመጀመሪያውን ደጋን ያሳረፈበት ሰው ስም ማስታወሻ ውስጥ ተቀበረ።

ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። ብሪጅታወር ግን ጠዋት ተነሥቶ ቫዮሊኑን ቃኘ። ወደ ለንደን ተመለሰ። በሜይ 1805 ሃኖቨር ስኩዌር አዳራሽ፣ በልጅነቱ ከክሌመንት ጋር በቆመበት ቦታ፣ የራሱን ኮንሰርት አቀረበ። በኦክቶበር 1807 የንጉሣዊው የሙዚቀኞች ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። ይህ ማኅበር በ1738 የተቋቋመ፣ የታመመና ያረጀ ሙዚቀኛን፣ የሟችን ሚስትና ልጆች የሚረዳ ነው፤ አሠራሩ ከእኛ እድር ብዙም አይርቅም። እድር ያለ ጎረቤት እውቅና አይገባም፤ ይህም ያለ ሙያ ባልደረባ እውቅና አይገባም። የለንደን ሙዚቀኞች ከእኛ ወገን ነው ብለው ተቀበሉት ማለት ነው፤ እኔ ይህን ከታተመ መታሰቢያ አላሳንሰውም። በጁን 1811 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ የባችለር ዲግሪ ሰጠው፤ ለዚህም የደረሰው ሥራ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኦርኬስትራ ቀርቧል። በ1812 የፒያኖ መልመጃ አሳተመ። በ1813 የፊልሃርሞኒክ ማኅበር ሲመሠረት በመጀመሪያው ዓመት ኮንሰርቶች ከተጫወቱት አንዱ ነበር። ይኸው ማኅበር ነው በኋላ ለቤትሆቨን ገንዘብ ልኮ ዘጠነኛውን ሲምፎኒ ያጻፈው። በ1816 አገባ፤ ሴት ልጅም ወለደ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ከኮንሰርት ማስታወቂያ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ሮምና ፓሪስ ኖሯል፤ አስተምሯል፤ ወደ ለንደንም ተመላልሷል። ጊዜውም በላዩ ላይ ተቀየረ። ልጅ ሳለ በአብዛኛው በመሳፍንት ደጋፊነት ይኖር የነበረው ሙዚቃ አሁን የሚኖረው ቲኬት በሚገዛ ሕዝብ ነው፤ በ1831 ፓጋኒኒ ለንደን ሲገባ አዳራሾቹን የሞላው ሌላ ዓይነት ቫዮሊኒስት ነበር። ብሪጅታወር ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት አልፏል። የቫዮሊኒስት ጣት ከሯጭ እግር የተሻለ ይቆያል እንጂ ዘላለም አይቆይም። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1860፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ፔካም በተባለው የደቡብ ለንደን ሰፈር ሞተ። የተቀበረው ኬንሳል ግሪን መቃብር ነው። ጋዜጦች አላለቀሱለትም።

አንድ ዕቃው ግን ቀርቷል፤ በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጧል። ቤትሆቨን ለብሪጅታወር የሰጠው የብረት መቃኛ ነው፤ እንደ ሹካ ሁለት ጣት ያላት፣ መታ ሲያደርጓት አንዲት ድምፅ ብቻ የምትሰጥ፣ ቫዮሊኒስት ሁለተኛውን ክሩን የሚያስተካክልባት። ከብሪጅታወር በኋላ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ፣ ጉስታቭ ሆልስትና ቮን ዊሊያምስ የተባሉት የእንግሊዝ የሙዚቃ ደራሲያን ዘንድም ቆይታ ነው እዚያ የደረሰችው። ቤትሆቨን ሶናታውን ለክሮይትዘር ሲሰጥ ይህችን መልሶ አልወሰዳትም፤ ብሪጅታወርም አልጣላትም። ዛሬ የዓለም ኦርኬስትራዎች በአብዛኛው የሚቃኙት በሴኮንድ 440 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ ነው። ይህችኛዋ ወደ 455 ገደማ ትርገበገባለች፤ ከእኛ ቃና ከፍ ትላለች። ዛሬ የምንሰማው «ክሮይትዘር ሶናታ» ሁሉ እንግዲህ ከዚያች መቃኛ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው።